የ7 ዓመቷ ልጄ ገና ባር ይዛ ጉልበት ታጥፋለች፤ ወደ ኋላ ቀርታ ይሆን?

አንዲት እናት የላኩት ጥያቄ ነው፤ አሳጥሬ ላቅርበው። «ልጄ 7 ዓመቷ ነው። ባሌት ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆናት። ክፍላቸውን ባየሁ ቁጥር ግን የሚሠሩት ያው ነው። ባሩን፣ ያንን ግድግዳ ላይ የተገጠመውን መደገፊያ፣ ይዘው ጉልበት ማጠፍ፣ እግር መዘርጋት፣ መመለስ። የጓደኛዬ ልጅ ሌላ ቦታ ትማራለች። ገና በ9 ዓመቷ በጣት ጫፍ የሚቆምበት ፖይንት ጫማ ተገዝቶላታል። የእኔ ልጅ ወደ ኋላ ቀርታ ይሆን? ለመሆኑ ሥልጠናው ከልጅነት እስከ ከፍተኛ ደረጃ በምን በምን ያልፋል? ቤት ውስጥ ስፕሊት፣ ሁለት እግርን በተቃራኒ አቅጣጫ ወለል ላይ መዘርጋት፣ ባሠራትስ ይረዳታል? የ5 ዓመት ወንድሟም እኔም ልግባ እያለ አስቸግሮኛል፤ ምን ይሻላል?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ልብዎ ይረፍ። ልጅዎ ወደ ኋላ አልቀረችም። ከጻፉልኝ እንደተረዳሁት ጥሩ እጅ ላይ ነች። እኔን ያሳሰበኝ የጓደኛዎ ልጅ ጉዳይ ነው፤ ወደ እሷ እመለሳለሁ።

የባሌት ሥልጠና ከውጭ ሲያዩት የእንቅስቃሴ ዝርዝር ይመስላል። ይህን የጨረሰ ወደዚያ ያልፋል፣ ያንን የጨረሰ ወደ ቀጣዩ። ውስጡ ሲገቡ ግን አካሄዱን የሚወስነው የልጁ አካል ነው። አጥንቱ ምን ያህል ጠነከረ? ጡንቻው ምን ይሸከማል? ትኩረቱስ ስንት ደቂቃ ይቆያል? ለዚህ ነው አንድን አስተማሪ ስመዝን ቀድሜ «ገና ነው» ማለት ይችል እንደሆነ የማየው። ነገሩ ቀላል እንዳይመስልዎት። ወላጅ ከፍሏል፣ ለውጥ ማየት ይፈልጋል፣ ልጅቷም ሮዝ ጫማውን እያለመች ነው የምታድረው። በዚህ ሁሉ መሀል «ገና ነው» ማለት ወኔ ይጠይቃል።

ከታች እንነሣ። ከ3 እስከ 6 ዓመት ድረስ ያለው ጊዜ የባሌት መሰናዶ ነው እንጂ ባሌት አይደለም። ክፍሉ ቢበዛ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይቆያል። ልጆቹ ይሮጣሉ፣ እንደ ፈረስ ይጋልባሉ፣ ያጨበጭባሉ፣ እንደ ድመት ይንጠራራሉ፣ ሙዚቃው ሲቆም ደርቀው ይቀራሉ። ወላጅ ሲያየው ጨዋታ ነው። አስተማሪዋ ግን የምትፈልጋቸው ነገሮች አሉ። ልጁ የሙዚቃውን ምት ይሰማል? ቀኝና ግራውን ለይቷል? ተራውን ይጠብቃል? ከፊቱ ያለውን ልጅ ሳይገጭ በክፍሉ ውስጥ መሮጥ ይችላል?

አንድ ምሳሌ ላሳይዎት። እየነጠሩ መሄድን ያውቁታል፤ በአንድ እግር ነጠር፣ ከዚያ በሌላው ነጠር። ለትልቅ ሰው ምንም አይደለም። የ4 ዓመት ልጅ ግን ብዙ ጊዜ በአንዱ እግር ብቻ ነው የሚነጥረው፤ ሌላውን ከኋላው ይጎትተዋል። 5 እና 6 ዓመት አካባቢ ሁለቱ እግሮች ተራ መለዋወጥ ይጀምራሉ። ያን ቀን አስተማሪዋ በልቧ ምልክት ታደርጋለች። ሁለቱን የሰውነት ጎኖች እያፈራረቁ ማዘዝ የባሌት ግማሹ ነውና። በዚህ ዕድሜ እግር ወደ ውጭ እንዲዞር አይገደድም፣ ከፍ ብሎ እንዲነሣ አይጎተትም። ልጅዎ ያሳለፈቻቸው ሁለት ዓመታት ባብዛኛው እዚህ ውስጥ ናቸው። በ7 ዓመቷ ባር መያዝ መጀመሯ ራሱ ወደ ቀጣዩ ክፍል እየተሻገረች መሆኑን ያሳያል።

እውነተኛው ሥልጠና ከ7 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ ነው የሚጀምረው። እስቲ ልጅ በማሠልጠን ከሁሉም የቆዩትን ሁለት ቤቶች እንይ። የፓሪስ ኦፔራ የባሌት ትምህርት ቤት በ1713 ተመሠረተ። ዛሬ ቫጋኖቫ አካዳሚ የሚባለው የሴንት ፒተርስበርጉ ትምህርት ቤት ደግሞ በ1738። የመጀመሪያው ልጆችን የሚቀበለው ከ8 ዓመት ጀምሮ ነው፤ ሁለተኛው 10 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው። ቫጋኖቫ ከዚያ በኋላ በስምንት ዓመት ሥልጠና ነው ለመድረክ ሲያበቃቸው የኖረው። ከዓለም ምርጡን ልጅ መርጠው የሚያስገቡ ቤቶች ናቸው። እነሱ ያልቸኮሉትን እኛ የምንቸኩለው ለምንድን ነው?

አሁን ያንን አሰልቺ ያሉትን «እግር መዘርጋት» ጠጋ ብለን እንየው። ስሙ ታንዱ ይባላል። በሩሲያው አካሄድ ጀማሪዋ ፊቷን ወደ ባሩ አዙራ በሁለት እጇ ትይዛለች። ተረከዝ ለተረከዝ ገጥማ ትቆማለች፤ ይህ አንደኛው አቋቋም ነው። ከዚያ አንዱን እግር ወደ ጎን ታንሸራትታለች። መጀመሪያ ተረከዙ ከወለሉ ይለቃል፣ ቀጥሎ የእግሩ ኳስ (ከጣቶቹ ሥር ያለው ወፍራም የውስጥ እግር ክፍል)፣ በመጨረሻ የጣቶቹ ጫፍ ብቻ ወለሉን ነክቶ ይቀራል። ስትመልሰው በተቃራኒው ነው፤ ጣት፣ ኳስ፣ ተረከዝ። አራት ምት ለመውጣት፣ አራት ምት ለመመለስ።

ይህ ብቻ? አዎ፣ ይህ ብቻ። ግን አስተማሪዋ ምን ምን እንደምታይ ልንገርዎት። የቆመችበት እግር ዳሌ ወደ ጎን ሰመጠ? የተዘረጋው እግር ጣቶች እንደ ጥፍር ተቆለመሙ? የቆመው እግር ውስጠኛ ጎን ወደ ወለሉ ተደፋ? ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ወጣ? ባሩን ነክታዋለች ወይስ ተንጠልጥላበታለች? አንዲት የ8 ዓመት ልጅ እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ መያዝ አትችልም። ዛሬ አንዱን ትይዛለች፣ ሌላው ያመልጣታል። ወራት የሚፈጀው ለዚህ ነው። ወደ ጎን ሲደላደል ወደ ፊት ይጨመራል፣ ከዚያ ወደ ኋላ። ከዚያ በአንድ እጅ ይዞ መሥራት። ከዚያ አምስተኛው አቋቋም፤ የአንዱ እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት ጋር የሚገጥምበት። ከዚያ ፍጥነቱ ይጨምራል።

የዘረጋችው እግር ትንሽ ከወለሉ ሲነሣ ዠቴ ይሆናል። በኃይል ወደ ላይ ሲወረወር ግራን ባትማን ይሆናል። ባር ሳይያዝ በክፍሉ መሀል ሜዳ ላይ ወለሉን ጠርጎ ሲነሣና ሁለቱ እግሮች አየር ላይ ሲገጣጠሙ አሳምብሌ የሚባለው ዝላይ ይወጣዋል። ልጅዎ አሁን የምትሠራው ያ ዝላይ ነው፤ መሬቱን ገና አልለቀቀም እንጂ። ጉልበት ማጠፉም፣ ፕሊዬ የሚሉት፣ እንዲሁ ነው። ለመዝለል ኃይል የሚወሰደው ከእሱ ነው፤ ሲያርፉም ጉዳቱን የሚውጠው እሱ ነው። ተረከዝ ወለሉን ሳይለቅ መታጠፍ ያልለመደ ልጅ በኋላ ሺህ ጊዜ ሲዘል ባቱና አገዳው ይከፍላል።

እግርን ወደ ውጭ ስለማዞር አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልችልም፤ ብዙ ጉልበት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። አምስቱ አቋቋሞች የተደነገጉት በ17ኛው ክፍለ ዘመን በሉዊ 14ኛ ቤተ መንግሥት ነው። ንጉሡ በ1661 የዳንስ አካዳሚ አቋቁሞ ነበር፤ አቋቋሞቹን በሥርዓት ያስቀመጠውም የንጉሡ የዳንስ መምህር ፒየር ቦሻም እንደሆነ ይነገራል። የእንቅስቃሴዎቹ ስም ዓለም ላይ ሁሉ ፈረንሳይኛ ሆኖ የቀረው በዚያ ምክንያት ነው። በሁሉም አቋቋሞች እግሩ ወደ ውጭ ይዞራል። መዞር ያለበት ግን ከዳሌ መገጣጠሚያ ነው። የዳሌ አጥንት ቅርጽ ደግሞ ከሰው ሰው ይለያያል፤ አንዱ ብዙ ይዞራል፣ ሌላው ትንሽ። ልጆች ጓደኛቸውን አይተው እግራቸውን ቀጥ ያለ መስመር ለማስያዝ ይታገላሉ። ዳሌው እምቢ ሲል ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ይጣመማሉ።

ይህን ቁጭ ብለው እርስዎም ሊያዩት ይችላሉ። ልጅዎ ፕሊዬ ስትወርድ ጉልበቷ ከእግር ጣቶቿ በላይ በቀጥታ ይወርዳል? ወይስ ጣቶቹ ወደ ጎን ዞረው ጉልበቱ ወደ ፊት ያያል? ሁለተኛው ከሆነና አስተማሪዋ ዝም ካለች ጥያቄ ያንሡ። ጥሩ አስተማሪ ብዙ ጊዜ «እግርሽን ትንሽ ዝጊው» ስትል ነው የምትሰማው።

ከ9 እስከ 11 ዓመት ባለው ጊዜ ክፍሉ ይረዝማል፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ይሆናል። ባሩ ላይ የተሠራው ወደ መሀል ሜዳ ይወጣል። መደገፊያ በሌለበት ሁሉ ነገር አዲስ ይሆናል፤ ትናንት የምትችለውን ዛሬ ስትንገዳገድ ያዩአታል። የክንድ አያያዝ፣ የራስና የትከሻ አዟዟር ይጨመራል። ዝላዩ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ከሁለት እግር ወደ ሁለት እግር። ከዚያ ከሁለት ወደ አንድ። ከዚያ ከአንድ ወደ ሌላው። ሥርዓቱ የተሠራው እግሩ ሲያርፍ የሚሸከመውን ክብደት ቀስ እያሉ ለመጨመር ነው።

ሁሉም ልጅ የሚጓጓለት ፒሩዌት፣ በአንድ እግር መሽከርከሩ፣ ተበታትኖ ነው የሚማሩት። ባሩን ይዞ፣ ተረከዝን አንሥቶ፣ በአንድ እግር ቀጥ ማለት። እጅ ለቆ መቆየት። ሩብ ዙር። ግማሽ ዙር። ለብቻው ደግሞ የራስ ሥራ አለ፤ ዓይን አንድ ነጥብ ላይ ይተከላል፣ አካል ይዞራል፣ ራስ መጨረሻ ላይ በፍጥነት ተከትሎ ያንኑ ነጥብ ይይዛል። ይህ ካልተለመደ ልጁ ሁለት ዙር ሳይሞላ ያዞረዋል። አንድ ንጹሕ ዙር ሁለት ከተንጋደደ ዙር ይሻላል እላለሁ። ልጆቹ አይስማሙም፤ ሦስት ዞርኩ ብሎ ማውራት ይጥማቸዋል።

አሁን ወደ ፖይንት። የ9 ዓመት ልጅ ፖይንት ላይ መቆም የለባትም። ነገሩን የማለዝብበት መንገድ የለኝም። የልጅ እግር አጥንቶች ገና በመብሰል ላይ ናቸው፤ ጫፍ ጫፋቸው ለጋ ነው። መላው የሰውነት ክብደት በሁለት ጣቶች ጫፍ ላይ ሲያርፍ ያ ለጋ ክፍል ሊጎዳ ይችላል። ዓለም አቀፉ የዳንስ ሕክምናና ሳይንስ ማኅበር ያወጣው መመሪያ ከ12 ዓመት በፊት አይጀመር ይላል። ያውም 12 ዓመት ስለሞላ ብቻ አይጀመርም። ልጅቷ ቢያንስ በሳምንት ሁለት ቀን እየሠራች ሥልጠናዋ አራተኛ ዓመቱን መያዝ አለበት። ቁርጭምጭሚቷ ደካማ ከሆነ ወይም ከመጠን በላይ የሚላላ ከሆነ ደግሞ ይዘገያል።

ልምድ ያለው አስተማሪ ምን ያያል? እግሯን ስትወጥር አገዳዋና የእግሯ ጀርባ አንድ መስመር ይሠራሉ? በአንድ እግር፣ ጉልበት ሳይታጠፍ፣ ደጋግማ ተረከዟን ስታነሣ ቁርጭምጭሚቷ ወደ ጎን ይከዳታል? በአንድ እግር ቆማ ወገቧና ሆዷ ጸጥ ይላሉ? እነዚህ ካልተሟሉ 14 ዓመትም ቢሆናት ትጠብቃለች። ብዙ ሰው ጫማው የሚይዛት ይመስለዋል። ጫማው ውስጥ እንጨትም ብረትም የለም፤ ጫፉ በሙጫ የደረቀ ድርብርብ ጨርቅና ወረቀት ነው፣ ከሥሩም ጠንካራ ሶል አለው። ወደ ላይ የሚይዛት የራሷ እግርና ሆድ ነው።

ጊዜው ደርሶ ሲጀመር ደግሞ እንደታሰበው አያምርም። የመጀመሪያዎቹ ወራት በክፍሉ መጨረሻ 10 ወይም 15 ደቂቃ ብቻ ናቸው። ባሩን በሁለት እጅ ይዞ በሁለት እግር መውጣት፣ መውረድ። በዝግታ መውረዱ ከመውጣቱ ይከብዳል። በአንድ እግር መቆም ብዙ ቆይቶ ይመጣል፤ መሀል ሜዳ ላይ መሽከርከር ከዚያም በኋላ ነው። ጫማውን አይቶ የሚያስመርጥ ሰው ያስፈልጋል። የልጅ ጫማ ስንገዛ እንደለመድነው «እንድታድግበት» ተብሎ ሰፋ ያለ አይገዛም። ፖይንት ጫማ ሲሰፋ እግር ወደ ታች ይንሸራተትና ጣት ይጎዳል። ለነገሩ በ1832 ዳንሰኛዋ ማሪ ታልዮኒ «ላ ሲልፊድ» በሚባለው ባሌት ላይ በጣቶቿ ጫፍ ቆማ ዓለምን ስታስደንቅ ያጠለቀችው ለስላሳ የሳቲን ጫማ ነበር፤ ጎን ጎኑ በክር ከመጠቅጠቁ በቀር ድጋፍ አልነበረውም። ከጫማዋ በፊት የተዘጋጀው ጥንካሬዋ ነው።

ለጓደኛዎ ይህን እንዴት እንደሚነግሯት እርስዎ ያውቃሉ። እኔ ብሆን ጫማውን አስቀምጪላት እላታለሁ።

ፖይንት የሚጀመርበት ዕድሜ ከሌላ ነገር ጋር ይገጣጠማል፤ ልጆቹ ከሚመዘዙበት ጊዜ ጋር። ሴቶች ከ11 እስከ 14፣ ወንዶች ትንሽ ዘግየት ብለው። ለእኔ ከመላው ሥልጠና ይህን ያህል ጥንቃቄ የሚፈልግ ዘመን የለም፤ ብዙ ጎበዝ ልጅ የሚያቋርጠውም እዚህ ነው። አጥንት ቀድሞ ይረዝማል፣ ጡንቻና ጅማት ይከተላሉ። ትናንት እንደ ልብ ትታጠፍ የነበረች ልጅ ጭኗ ይደርቅባታል። ሁለት ዙር ትዞር የነበረች አንዱ ያቅታታል፤ እጇና እግሯ ረዝመው ሚዛኗ ጠፍቷል። ተረከዟን ወይም ከጉልበቷ በታች ያመኛል ትላለች። «ሰነፍሽ» የምትባለው እንግዲህ በዚህ ጊዜ ነው፤ ያኔ ነው የምትሰበረው።

ጥሩ ትምህርት ቤት በዚህ ወቅት ዝላይ ይቀንሳል፣ እግር ከፍ አድርጎ መያዝን ያቆያል፣ ወደ መሠረቱ ይመለሳል። ሲያዩት ወደ ኋላ የሄዱ ይመስላል። ጥቂት ወራት ታግሰው ካለፉት አካሏ ይረጋጋል፣ ጥንካሬዋም ከበፊቱ በልጦ ይመጣል።

የምግብ ነገርም እዚህ ይነሣል። ባሌት ከመስተዋት ጋር የሚኖር ሙያ ነው። እያደገች ያለች፣ በሳምንት ብዙ ሰዓት የምትሠራ ልጅ በደንብ መብላት አለባት። ምግብ ሲያንስ አጥንት ይሳሳል፣ የወር አበባ ይቋረጣል፣ ስንጥቅ የሚመስል የአጥንት ጉዳት ይመጣል። የወር አበባዋ ጀምሮ ለሦስት ወር ከጠፋ ሐኪም ዘንድ ይወሰዳል፤ «ዳንሰኛ ስለሆነች ነው» ተብሎ አይታለፍም። ልጆችን ክፍል ውስጥ ሚዛን ላይ የሚያቆም አስተማሪ ካጋጠመዎት ልጅዎን ይዘው ይውጡ።

ከ14 ዓመት በኋላ ነገሩ ይፈጥናል። መንገዱም ለሁለት ይከፈላል። ባሌትን ወደው በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን የሚቀጥሉ አሉ፤ እነሱም እያደጉ ይሄዳሉ። ሙያዬ ላደርገው የሚሉት ግን በሳምንት አምስት ስድስት ቀን፣ በቀን ብዙ ሰዓት ይሠራሉ። የጠዋቱ ክፍል ብቻ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ከሱ በላይ ፖይንት አለ፣ ከታወቁ ባሌቶች የተወሰዱ የብቻ ዳንሶች አሉ፣ ዘመናዊ ዳንስ አለ፣ የጥንካሬ ሥራ አለ። እግር ከወገብ በላይ ተነሥቶ በዝግታ ይያዛል። በዝላይ መሀል እግሮች አየር ላይ ይፋተጋሉ። ትልልቁ ዝላይ ክፍሉን ከጥግ እስከ ጥግ ያቋርጣል። ሴቶቹ ፉዌቴ ይለማመዳሉ፤ በአንድ እግር ቆሞ ሌላውን እንደ ጅራፍ እየወረወሩ መሽከርከር። ፒየሪና ሌኛኒ በ1895 «ስዋን ሌክ» ላይ 32ቱን በተከታታይ ካዞረች ወዲህ ተመልካች ያንን ቁጥር ይጠብቃል። ወንዶቹ ቀጥ ብለው ዘለው አየር ላይ ሁለት ጊዜ ዞረው ያርፋሉ። ጥንድ ዳንሱ፣ ፓ ደ ዱ የሚባለው፣ የሚጀመረው 15 እና 16 ዓመት ገደማ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ልጁ ሰው የሚያነሣበት ወገብ ያስፈልገዋል፤ ልጅቷም ስትነሣ ራሷን መያዝ አለባት። እጅና እግሯን ለቃ የምትነሣ ልጅ ኪሎዋ ትንሽ ቢሆንም ትከብዳለች።

ከዚያ ወዲያ ውድድሮችና የባሌት ኩባንያ፣ ማለትም የሙያ ዳንስ ቡድን፣ መግቢያ ፈተናዎች ይመጣሉ። ከ1973 ጀምሮ የሚካሄደው የሎዛን የባሌት ውድድር ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉ ወጣቶችን ነው የሚያየው። ኩባንያ የሚገቡት 17፣ 18፣ 19 ዓመት ሲሆናቸው ነው። ገብተውም ከታች ይጀምራሉ፤ ከብዙዎች ጋር በረድፍ የሚደንሱ ሆነው። ፓሪስ ኦፔራ አምስት ማዕረግ አለው፤ ከሁሉ በላይ ያለው ኤትዋል ይባላል። የሚገርመው፣ ያቺ ኤትዋልም ጠዋት ስትገባ ባሩን ይዛ የምትጀምረው በፕሊዬና በታንዱ ነው።

ስለ ሥልጠና ዘዴዎች ብዙ ክርክር ይሰማሉ፤ ብዙ አያስጨንቅዎት። የሩሲያዊቷ አግሪፒና ቫጋኖቫ ዘዴ መላ አካልን አንድ አድርጎ በዝግታ ይገነባል፤ መጽሐፏ በ1934 ወጥቷል። ጣሊያናዊው ኤንሪኮ ቼኬቲ ለሳምንቱ ለእያንዳንዱ ቀን የተወሰነ ልምምድ መድቦ ነበር። የዴንማርኩ ቡርኖንቪል በፈጣን እግርና በቀላል ዝላይ ይታወቃል። የዳንስ ቀማሪው ጆርጅ ባላንቺን አሜሪካ ውስጥ ፍጥነትን አበረታ። በ1920 ለንደን ውስጥ የተመሠረተው የዛሬው ሮያል አካዳሚ ኦፍ ዳንስ ደግሞ በፈተና የሚሄድ ደረጃ አለው፤ ከ1 እስከ 8 ያለው ለሁሉም፣ ከጎኑ ደግሞ ጠለቅ ያለ የሙያ መስመር። በሁሉም ጥሩ ዳንሰኛ ወጥቷል። ብቻ የአንዱን ትምህርት ቤት «ደረጃ 4» ከሌላው «ደረጃ 4» ጋር አያወዳድሩ። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ይዘቱ ለየቅል ነው።

ዘግይቶ መጀመርስ? ይቻላል፤ ግን ያልተለመደ ነው። ሚስቲ ኮፕላንድ ባሌት የጀመረችው በ13 ዓመቷ ነው። በ2015 የአሜሪካን ባሌት ቲያትር ዋና ዳንሰኛ ሆነች። ሩዶልፍ ኑሬየቭ የሌኒንግራዱን ትምህርት ቤት በ1955 ሲቀላቀል 17 ዓመቱ ነበር፤ እሱ ግን ከዚያ በፊት ባህላዊ ዳንስ ሲደንስ ነው ያደገው። የ7 ዓመት ልጅ እናት ግን ለዚህ ወሬ ገና ጊዜ አላቸው።

ስፕሊቱን ተዉት። ልጅቷ በፍላጎቷ፣ ከሮጠችና ከሞቀች በኋላ፣ እስከምትችለው ብትወርድ ምንም አይደለም። ላይዋ ላይ ተጭኖ መግፋት፣ እግሯን ወንበር ላይ አሰቅሎ ከወለሉ በታች ማውረድ፣ የእግር መወጠሪያ መሣሪያ መግዛት ግን ጉዳት ነው። ለጋ መገጣጠሚያ አንዴ ከላላ በቀላሉ ተመልሶ አይጠብቅም። ባሌት የሚፈልገው እግሩን ራሷ አንሥታ የምትይዘውን መጠን ነው፤ በእጅ ተጎትቶ የሚደርስበትን አይደለም። ልርዳት ካሉ ገመድ ትዝለል፣ በባዶ እግሯ ትሩጥ፣ በጊዜ ትተኛ። እርማቱን ለአስተማሪዋ ይተዉላት። ክፍል ውስጥ የሰማችውን ቤት ደግማ ከሰማችው ይሰለቻታል። በነገራችን ላይ በታንዱ የሚሰለቹት ብዙ ጊዜ ወላጆች ናቸው። ከክፍል ስትወጣ ፊቷን ይዩት።

ታናሽ ወንድሟን ያስገቡት። በ5 ዓመት የወንድና የሴት ክፍል አንድ ነው፤ ሁሉም ይጋልባል፣ ሁሉም ይነጥራል። የወንዶች ሥራ የሚለየው 10፣ 11 ዓመት አካባቢ ሲደርሱ ነው፤ ያኔ ዝላይና የክንድ ጥንካሬ ይበዛላቸዋል። ከመመዝገብዎ በፊት አስተማሪዋን አንድ ነገር ይጠይቁ። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ወንድ ልጅ አለ ወይ? ከሌለ አይከልክሉት፤ ብቻ ቀድመው ይንገሩት፣ ገብቶ እንዳይደነግጥ። ለመጀመሪያው ቀን ቁምጣና ካናቴራ ይበቃዋል። ጫማውን ሁለት ሦስት ክፍል ተምሮ መቀጠል እንደሚፈልግ ሲያዩ ይግዙለት።